ያልተነኩ ቁልፎች

ላንቴ ላይ በቀትር ፀሐይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ መግባት ድፍረት ይጠይቃል። መሪው አይጨበጥም፣ የቀበቶው ብረት ጣት ይለበልባል፣ ወንበሩ የተጣደ ምጣድ ነው። ሹፌሩ ሞተር ያስነሳል፤ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። የሚመጣው አየር ግን ለደቂቃዎች ትኩስ ነው። «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» ብሎ ይደመድምና መስኮቱን መልሶ ያወርዳል።

ጋዙ ላያልቅ ይችላል። ከኤሲው ማስተካከያ ጎን የመኪና ቅርፅ የተሳለባት፣ በቅርፁ ሆድ ውስጥ የታጠፈ ቀስት ያለባት ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷ ስትጫን ኤሲው የውጭውን ሙቅ አየር መሳብ ትቶ ውስጥ ያለውን፣ መቀዝቀዝ የጀመረውን አየር ደጋግሞ ያዞራል። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ መስኮቱን ከፍቶ አንድ ሁለት ደቂቃ እየነዱ የታፈነውን ሙቀት ማስወጣት፣ ቀጥሎ መስኮት ዘግቶ ኤሲ መክፈት፣ ከዚያ ያቺን ቁልፍ መጫን። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ከፊት ሆኖ አቧራና ጭስ ሲለቅም መፍትሔዋ ይህችው ቁልፍ ናት። ዓመታት ነድተው አንድ ቀን ያልነኳት ሰዎች ግን ሞልተዋል።

ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ካሉት የሙዝ ቀበሌዎች አንዷ ናት። በምሥራቅ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ ተንጣሏል፤ በምዕራብ የጋሞ ተራሮች ቀጥ ብለው ይነሣሉ። ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ተገንጥሎ ሽቅብ የሚጀምረው ከዚሁ ጎዳና ነው። ቆላው ከ1,200 እስከ 1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሲሆን ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከሙዙ ሥር በሸሚዝ የተነሣ ሰው እንሰቱና ቀርከሃው ዘንድ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ለሙቀት የተሠራው ቁልፍ፣ ለጉም የተሠራው፣ ለቁልቁለት የተሠራው፣ ለጨለማ የተሠራው፣ ሁሉም በዚህ አንድ መንገድ ላይ ተራ ይደርሳቸዋል። ታዲያ እነዚህን ቁልፎች ማን አስተማረን?

የመኪናን አካል የምንጠራው በአብዛኛው ከጣሊያን በወረስነው አንደበት ነው። ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ጎማ፣ ፎሌ። የወረራው ዓመታት የጭነት መኪናና ጋራዥ ይዘው መጡ፤ ቃሉም በሜካኒኩ አፍ ገብቶ ቀረ። ልብ ለሚል ሰው እነዚህ ስሞች ሁሉ ወይ የሚረገጡ፣ ወይ የሚፈቱ፣ ወይ የሚለወጡ ነገሮች ናቸው። ሹፌርና ሜካኒክ በጋራ የሚያውቋቸው፣ ሲበላሹ መንገድ ላይ የሚያስቀሩ። ለዚያች የታጠፈ ቀስት ቁልፍ፣ የፊት መብራትን ለሚያዘነብለው ጎማ መሳይ ማዞሪያ፣ ፍጥነትን ይዞ ለሚቆየው ቁልፍ ግን ጋራዥ ውስጥ የተወለደ ስም የለም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ አይተላለፍም።

ሞተር ማስነሻው፣ ሞተሪኖ፣ ራሱ በጊዜው ምቾት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ካመጣላቸው መኪና ጋር ሲተዋወቁ፣ በዓለም ላይ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚሽከረከር ብረት ነበር። ብረቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ክንድ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ በቻርልስ ኬተሪንግ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠመ። የቅንጦት የነበረው ነገር ዛሬ የለም ቢባል መኪናው መኪና አይባልም። የአርባ ምንጭ ባጃጆች ይህን ታሪክ በአጭሩ ደግመውታል፤ የድሮዎቹ ከወንበሩ ሥር ባለ እጀታ ተስበው ይነሡ ነበር፣ የአሁኖቹ ቁልፍ ተጭኖላቸው ይነሣሉ። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን የሚወጣ ባጃጅ ሹፌር በግራ እጁ ማርሹን እየጠመዘዘ፣ በቀኙ ነዳጅ እየሰጠ፣ በእግሩ ፍሬን እየያዘ ይሄዳል። ፊቱ ላይ የማያውቀው አንድም ነገር የለም። ከባጃጅ ወርዶ አውቶሞቢል ላይ ሲቀመጥ ነው ያልተነኩ ቁልፎች የሚጀምሩት።

ማሠልጠኛ ተቋማት አሉ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600፣ በኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 1074/2010፣ ማንም ሰው ሠልጥኖና ተፈትኖ እንዲነዳ አድርገዋል። ሠልጣኙ የመንገድ ምልክት ይማራል፣ ወደ ኋላ መንዳት ይለማመዳል፣ ዳገት ላይ ሳይንሸራተት መነሣትን ሲያልበው ይውላል። መለማመጃው መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ማንዋል ነው፤ ኤሲው አይሠራም፣ የዳሽቦርዱ መብራት ግማሹ ጠፍቷል፣ ቴፑ ከተነቀለ ቆይቷል። መንጃ ፈቃድ የያዘው ሰው መሪ ያውቃል፤ ከመሪው በስተቀኝ ያለውን ግን ራሱ እየነካካ ወይ ሳይነካ ይኖራል። መኪናው ሲገዛ አብሮ መምጣት የነበረበት መጽሐፍ ጠፍቷል፣ ካለም በጃፓንኛ ነው።

የጭነት መኪናው ዓለም እዚህ ላይ ይሻላል። እዚያ ረዳት የሚባል ሰው አለ። ዓመት ሁለት ዓመት ሹፌሩ ጎን ተቀምጦ የትኛው ዘንግ መቼ እንደሚሳብ በዓይኑ ለቅሞ ነው ለመሪ የሚበቃው። የግል መኪና ገዢ ይህ ዕድል የለውም። እሱን የሚያስተምረው አጎት ነው፣ የሥራ ባልደረባ ነው፣ አንዳንዴም መኪና አጣቢው ልጅ ነው። በቀን ስምንት ዓይነት መኪና ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል አጣቢ የማያውቀው ቁልፍ ጥቂት ነው።

ወደ ምቾት ስንመጣ የመጀመሪያው የመኪና ምቾት መስኮት ነው። ስለ መስኮት ደግሞ ሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ከሚነሣ ክርክር በላይ ኢትዮጵያዊ ነገር የለም። በዶልፊን ሚኒባስ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ሰው ታጭቆ፣ ውጪው 30 ዲግሪ አልፎ፣ ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ መስኮቱን ዝጋው፣ ንፋሱ ይመታኛል» ይላሉ። ይዘጋል። እምቢ ማለት ነውር ነው። የውስጡን አየር የሚያዞረው ቁልፍም ተጭኖ ከቀረ፣ ያ ሁሉ ሰው የተነፈሰውን እየደጋገመ ይተነፍሳል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ሲከማች ራስ ይከብዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሶዶ ሳይደርስ ግማሹ ተሳፋሪ አንገቱን የሚደፋው በሙቀቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከተቀዘቀዘ በኋላ በየተወሰነ ደቂቃ ቁልፏን መልሶ የውጭ አየር ማስገባት ለተሳፋሪው ብቻ ሳይሆን ለሹፌሩ ንቃትም ነው። «ንፋስ ይመታል» ለሚሉት እናት መልሱም እዚያው ዳሽቦርዱ ላይ አለ፤ የአየሩን አቅጣጫ ከፊት ወደ እግር የሚያዞር ማዞሪያ።

ሕፃን መኪና ውስጥ ትቶ «ሁለት ደቂቃ ነው» ማለት ግን በቁልፍ የሚፈታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የስታንፎርድ ጥናት፣ ቆሞ ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 22 ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር፣ ከጭማሪው ውስጥ ከአምስት አራቱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደሚደርስ አሳይቷል። መስኮቱን ጥቂት ጣት ገርበብ ማድረግ ያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው። ይህ የታየው ውጪው ቀለል ባለባቸው ቀናትም ጭምር ነው።

አሁን መኪናው ዳገቱን ይዟል። ዶርዜ አካባቢ ጉሙ ሲወርድ ውጪው ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ የአምስት ሰው ትንፋሽ አለ፤ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ነጭ ይለብሳል። ሹፌሩ በእጅጌው ይጠርጋል። ጎኑ ያለው ሰው በጋቢው ጫፍ ያግዘዋል። በደቂቃ ውስጥ መልሶ ይለብሳል፤ የተጠረገው ቦታ ደግሞ ማታ የመጪው መኪና መብራት ሲያርፍበት ይዥጎረጎራል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰውን የሚያስገርም ነገር አለ። መድኃኒቱ ኤሲ ነው፤ በብርድ ጊዜም። ኤሲ አየርን ብቻ አያቀዘቅዝም፣ ያደርቃልም። እርጥበቱ የቀዘቀዘው ቱቦ ላይ ተንጠባጥቦ በመኪናው ሥር ይፈሳል፤ ቆሞ ሲታይ «ውሃ ያፈሳል» ተብሎ ጋራዥ የሚያስሮጠው ያ ጠብታ ነው። ስለዚህ የሙቀት ማዞሪያውን ወደ ቀዩ፣ የአየሩን አቅጣጫ ወደ ፊት መስታወት፣ የታጠፈውን ቀስት ወደ ውጭ አየር፣ ኤሲውን ደግሞ መክፈት ነው። ደረቅና ሙቅ አየር መስታወቱን በአንድ ትንፋሽ ያጠራዋል። የፊት መስታወት ምልክቱ ላይ ሲዞር ኤሲውን ራሱ የሚያስነሣ መኪናም አለ፤ ሹፌሩ ግን «በዚህ ብርድ ኤሲ ማን ከፈተ?» ብሎ ያጠፋዋል።

የመውጣቱ ነገር ይህ ነው። መውረዱ ይከብዳል።

ከጨንቻ ወደ ቆላው ሲወረድ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ መታጠፊያው ብዙ ነው። ልማዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ በፍሬን መውረድ ነው። ልማዱ ካርቡሬተር ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው። ነዳጅ በመርፌ የሚረጨው የዛሬ ሞተር፣ በማርሽ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጅ ጭራሽ ያቆማል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። ማለትም በፎሌ የሚወርደው ሰው ቆጣቢም አይደለም። ፍሬኑ ደግሞ ያለ እረፍት ሲያዝ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን የመያዝ ኃይሉን ያጣል። «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ የሚወራው አደጋ ሁሉ የተበጠሰ ነገር አለው ማለት አይደለም።

አውቶማቲክ ኮሮላ የሚነዳ ሰው የማርሹ ዘንግ ጎን ላይ በአውራ ጣት የምትጫን ቁልፍ ያገኛል። ስትነካ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትል ቢጫ መብራት ትበራለች። ሰው ይደነግጣል፤ ብልሽት ነው ብሎ መልሶ ያጠፋታል። ቁልፏ ካምቢዮው የመጨረሻውን ፈጣን ማርሽ እንዳያስገባ የምትከለክል ናት፤ ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑ ያርፋል። ቁልቁለቱ ሲብስ «2» እና «ኤል» የሚሉት ምልክቶችም ጌጥ አይደሉም። አንዳንድ ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ «ቢ» የሚል አለ፤ እሱም መኪናውን ቁልቁለት ላይ ይይዘዋል። በአይሱዙ ጭነት መኪና መሪ ሥር ደግሞ በጭስ ማውጫው በኩል ሞተሩን አፍኖ መኪናውን የሚያዘገይ ረዳት ፍሬን በትንሽ ዘንግ ይሳባል። የአይሱዙ ሹፌር ያንን ዘንግ ከስሙ በፊት በድምፁ ያውቀዋል፤ ሲሳብ የሚወጣው የታፈነ ማጉረምረም ከሩቅ ይለያል።

ሙዙ የሚጓዘው ብዙውን ጊዜ ማታ ነው። ጭነቱ ላንቴና ጫኖ አካባቢ ከየማሳው ተለቅሞ ይጫንና ሸራው ተወጥሮ ወደ አዲስ አበባ ይነሣል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ያለው ቋንቋ መብራት ነው፤ ይህን ቋንቋ ደግሞ ማንም ማሠልጠኛ አያስተምረውም። ከፊት ያለው ጭነት መኪና ፍሬቻ ሲያሳይ «እለፈኝ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «ልታጠፍ ነው» ማለቱም ሊሆን ይችላል። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ካደረገ ትራፊክ አለ፣ ወይም በሬ መንገድ ዘግቷል፣ ወይም «እኔ ልለፍ» ነው። አራቱንም ፍሬቻ የሚያበራው ቀይ ሦስት ማዕዘን ቁልፍ ሠርግ ላይ ከክላክሱ ጋር ሲጨፍር ያመሻል፤ መኪና ተበላሽቶ ጨለማ ውስጥ ሲቆም ግን ባትሪ እንዳያልቅ ተብሎ ይጠፋና በምትኩ የዛፍ ቅርንጫፍ አስፋልቱ ላይ ይጣላል። ቅርንጫፉ መጥፎ አይደለም፤ ሁለቱም ቢኖሩ ነው የሚሻለው።

ከመሪው በስተግራ፣ ከታች በኩል፣ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ያለባት ትንሽ ማዞሪያ አለች። በብዙ መኪና ላይ ትገኛለች። ኋላ ወንበርና ሻንጣ ቤት ሲጫን የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፤ የፊት መብራቱም አስፋልቱን ትቶ የመጪውን ሹፌር ዓይን ያበራል። ማዞሪያዋን ወደ 2 ወይ 3 መግፋት መብራቱን ዝቅ ያደርገዋል። ሦስት ሰው ከኋላ፣ ሁለት ግንድ ሙዝ ሻንጣ ቤት ጭኖ ከአርባ ምንጭ የሚነሣ ቤተሰብ በዜሮ ላይ ሆኖ ሶዶ ይደርሳል፤ መንገዱን ሙሉም «ምን ሆነው ነው መብራት የሚያበሩብን?» ሲል ያመሻል። ከኋላ የሚያሳየው መስታወት ሥር ያለችው ትንሽ እጀታም እንዲሁ ናት። ወደ ራስ ሲስቧት የተከታዩ መኪና መብራት ይደበዝዛል። እሷን መሳብ እንጂ እየረገሙ መንዳት አያስፈልግም ነበር።

ፍጥነት መያዣው ሌላ ታሪክ አለው። የፈጠረው ራልፍ ቲቶር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። የሚነዳለት ሰው ሲያወራ ፍጥነቱ ሲወርድ፣ ዝም ሲል ሲጨምር፣ የመኪናው መወዛወዝ አስመርሮት እንደሠራው ይነገራል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1958 ሞዴሎቹ ላይ ገጠመው። እዚህ ሀገር ውስጥ ደህና የሚያገለግልበት ቦታ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው፤ አጥር አለው፣ በሬ የለም። ላንቴ ላይ ልጅ ጀሪካን ይዞ ሲያቋርጥ፣ ባጃጅ ሳያሳይ ሲታጠፍ፣ ፍየል ሐሳቧን ስትለውጥ፣ እግርን ከፍሬን አርቆ መቀመጥ ዕብደት ነው።

ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች ለብቻቸው ምዕራፍ ናቸው። ጃፓን በግራ ትነዳለች፤ ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ። ስለዚህ ከቶዮታ ቪትዞቹ ብዙዎቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ ነው የገቡት። መሪው ሲገለበጥ አብሮት የሚዞር ነገር አለ፣ የማይዞርም አለ። ጃፓን ውስጥ ፍሬቻው በቀኝ፣ የዝናብ መጥረጊያው በግራ ነው። የተገለበጠ መኪና ላይ የሚወጣ አዲስ ሹፌር ለመታጠፍ ፍሬቻ አሳየሁ ብሎ በጠራራ ፀሐይ ደረቅ መስታወት ሲያስጠርግ ይታያል። አንዳንዱ መኪና ሲነሣ በሴት ድምፅ በጃፓንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ብዙውን ጊዜ የምትለው ለጃፓን የክፍያ መንገድ የሚያገለግለው ካርድ አልገባም ነው። ካርዱ የሚገባበት ሀገር አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቀርቷል፤ እሷ በየጠዋቱ ታስታውሳለች።

ሬዲዮውም ግራ ያጋባል። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ሜጋ ኸርዝ ይነሣና የድሮዎቹ 90 ላይ ይቆማሉ። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ላይ ናቸው። ሹፌሩ ቁልፉን እስኪያልበው ቢጫን ሸገርን አያገኘውም፤ ቴፑ ተበላሽቷል ይባላል። መካከል ላይ የምትገጠም ሞገድ አሸጋጋሪ አለች፤ አብዛኛው ሰው ግን ቴፑን ነቅሎ በፍላሽ የሚሠራ ይገጥማል። አሁን አሁን ደግሞ ታብሌት የሚያህል አንድሮይድ ስክሪን መጥቷል።

ወደ ስክሪን ከመጣን ነገሩ ከቴፕ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የቢዋይዲ፣ የፎልክስዋገንና የቶዮታ ኤሌክትሪክ መኪናዎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ተበራከቱ። ብዙዎቹ ሲገቡ ስክሪናቸው በማንዳሪን ነው። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ወጣት ባለሙያዎች እንጀራ ይበሉበታል። እስኪለወጥ ድረስ ባለ መኪናው የሚገባው ሥዕሉ ብቻ ነው።

ከቋንቋው ይልቅ የሚያሳስበው ግን የእጅ ነገር ነው። የአሮጌው ኮሮላ ማዞሪያ ዓይን አይፈልግም፤ ጣት ሄዶ ያገኘዋል፣ ሲዞር «ቀጭ» ይላል፣ የት እንደደረሰ እጅ ያውቃል። ስክሪን ግን ሳይታይ አይነካም። ቪ ቢልያጋሬ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ለካው። ሹፌሮች በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዱ ሙቀት እንዲጨምሩ፣ ሬዲዮ ጣቢያ እንዲያገኙ፣ የዳሽቦርድ መብራት እንዲቀንሱ የመሳሰሉ ጥቂት ሥራዎች ተሰጧቸው። የ2005 ሞዴል ቮልቮ፣ ቁልፍ ብቻ ያለው አሮጌ መኪና፣ በ10 ሰከንድ ጨረሰ፤ በዚያ ጊዜ የተጓዘው 306 ሜትር ነው። መጨረሻ የወጣው ቻይና ሠራሽ ኤሌክትሪክ መኪና 44.9 ሰከንድ ወሰደ፤ 1,372 ሜትር። ይህ ርቀት በአርባ ምንጭና በላንቴ መካከል ስንት የሙዝ ሻጭ፣ ስንት የውሃ ቦይ መሻገሪያ፣ ስንት ጥጃ እንደሚይዝ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይቁጠረው።

ፎልክስዋገን አይዲ 4 ላይ የሹፌሩ በር የመስኮት ማውረጃው ሁለት ብቻ ነው። የኋላውን መስኮት ለማውረድ መጀመሪያ «የኋላ» የምትለውን ቦታ ነክቶ፣ ከዚያ ያንኑ የፊቱን ማውረጃ መጠቀም ያስፈልጋል፤ «የኋላ»ን መልሶ ማጥፋቱን ረስቶ ማውረጃውን ዳግም የነካ ሰው ያላሰበውን መስኮት ያወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ሙቀትና ድምፅ የሚጨምረው በጣት የሚዳሰስ መስመር ማታ መብራት እንኳ አልነበረውም። ሁለት ማውረጃ የቀነሰ መሐንዲስ ጥቂት ገንዘብ አትርፏል፤ ገዢው ግን በየመንገዱ መስኮት ሲፈልግ ይኖራል። ኩባንያው ራሱ ትችቱ በዝቶበት ዋና ዋናዎቹን ቁልፎች በሚቀጥሉት ሞዴሎቹ ላይ እንደሚመልስ ተናግሯል። የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕም እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ አራቱን ፍሬቻ ማብሪያው፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጥሪ በሚዳሰስ ቁልፍ ካልሆኑ ሙሉ ነጥብ እንደማይሰጥ አስታውቋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2017 ሲንጋፖር አጠገብ አሥር መርከበኞች ከሞቱበት ግጭት በኋላ ከመርከቦቹ መሪ ክፍል የስክሪን ፍጥነት መስጫውን አንሥቶ በእጅ የሚያዝ ዘንግ ለመመለስ ወስኗል።

ይህ ማለት አሮጌው ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። አዲሱ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ካሜራ አለው፤ ገበያ ቀን ጨንቻ ላይ ከመኪና ኋላ የተቀመጠ ሕፃን የሚያሳይ ነገር ከየትኛውም ስፖኪዮ ይበልጣል። የመኪና ቁልፍ ባትሪ አልቆ በሩ እምቢ ሲልም መፍትሔው እዚያው ነው፤ በአብዛኛው ቁልፉ ሆድ ውስጥ ብረት ቁልፍ ተደብቋል፣ ሞተሩን ለማስነሣት ደግሞ ቶዮታ ላይ ቁልፉን ማስነሻው ላይ አስጠግቶ መጫን ነው። የመኪናው ባትሪ ሞቶ አውቶማቲኩ ማርሽ ከ«ፒ» አልወጣ ሲል በብዙ ሞዴል ከማርሹ ጎን ትንሽ ክዳን አለች፤ ክዳኗን አንሥቶ በቁልፍ ጫፍ ሲጫን ማርሹ ይለቅቃል፣ መኪናው ይገፋል። «ከውስጥ አልከፈት አለ» ተብሎ የሚነቀለው የኋላ በርም፣ ጠርዙ ላይ ያለችው የሕፃን መቆለፊያ ተገፍታ ቀርታ ይሆናል።

ነዳጅ ማደያ ጋ ለሰዓታት የተሰለፈ ሰውን የምትጠቅም ደግሞ ከሁሉም ትንሿ ናት። ነዳጅ ማሳያው አጠገብ፣ ከነዳጅ መቅጃው ሥዕል ጎን፣ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ የምታመለክት ሦስት ማዕዘን አለች። ክዳኑ በየትኛው በኩል እንዳለ ትናገራለች። ጂም ሞይላን የተባለ የፎርድ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1986 በዝናብ የኩባንያውን መኪና ነዳጅ ሊሞላ በተሳሳተ በኩል አቁሞ ሲበሰብስ ያሰባት ሐሳብ ናት። የተዋሱትን መኪና ይዘው በተሳሳተው መስመር ሁለት ሰዓት የተሰለፉ ሰዎች፣ ተራ ደርሶ ቱቦው አልደርስ ሲል ነው የሚያውቋት።

እነዚህ ምልክቶች በየመኪናው አንድ ዓይነት የሆኑት እንዲሁ አይደለም። አይኤስኦ 2575 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ የመኪና ውስጥ ሥዕሎችንና ቀለሞቻቸውን ይወስናል። ቀይ ማለት ቁም፣ ቢጫ ማለት ልብ በል፣ ብልሽት ከሆነም ቶሎ አሳይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማለት ይህ ነገር በርቷል። የሞተር ቅርፅ ያላትን ቢጫ መብራት በጥቁር ፕላስተር የሸፈነ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን ለሹፌሩ ቢነግረው፣ «ካወቅኳት ሦስት ዓመቷ ነው» የሚል መልስ ሊሰማ ይችላል።

ከአዲስ አበባ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ አርባ ምንጭ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው፣ ስክሪኑ ገና በማንዳሪን ሆኖ፣ ላንቴ ዳር አቁሞ ሙዝ ይገዛል። ሲመለስ መኪናው ምጣድ ሆኗል። ስልኩን አውጥቶ ካሜራውን ስክሪኑ ላይ ይደቅናል፤ ስልኩ ፊደሎቹን እየተረጎመ ግማሽ ግማሹን ያምታታል። ሙዙን በጆንያ አስሮ የሚጭንለት ልጅ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ያያል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ያጥባል። «ጋሼ፣ እቺን ይንኳት» ይላል፤ ጣቱ የመኪና ቅርፅ፣ በቅርፁ ሆድ ውስጥ የታጠፈ ቀስት ያለባት ሥዕል ላይ አርፏል።